ለነጭ መኪና የቱ ፖሊሽ፣ የቱ ሲላንት? የጅማን ዝናብና ቀይ አፈር ያገናዘበ ማወዳደሪያ

ነጭ፣ ብርማ ወይ ክሬም መኪና ያለው ሰው ፖሊሽ (የቀለሙን ላይ ትንሽ ፍቆ ሚያለሰልሰው) እና ሲላንት (ቀለሙ ላይ ተቀብቶ ሚከላከለው) ሊገዛ ሲወጣ መጀመሪያ ሚጠይቀው "የቱ ነው በደንብ ሚያበራው" ብሎ ነው። ለጥቁርና ለሰማያዊ መኪና ጥያቄው ያስኬዳል፣ ለነጭ ግን እኔ ከሌላ ቦታ ነው ምጀምረው፦ ስቀባው ይታየኛል ወይ? ካበዛሁት ወይ ከዘለልኩት ደሞ በነጋታው በቀላሉ ይስተካከልልኛል ወይ? ምክንያቱም ሲላንት ሲደርቅ ነጭ ነው ሚሆነው፣ ጥቁር ኮፈን ላይ የቀባኸውና ያልቀባኸው ቁልጭ ብሎ ይለያል፣ ነጭ ላይ ግን ነጭ በነጭ ሆኖ ዓይንህ ምንም አይዝም። እና ሰው ምን ያደርጋል፣ አንዱ ጋ ገና አልቀባሁም እያለ ይደጋግመዋል፣ ሌላው ጋ ቀብቻለሁ ብሎ ይዘለዋል፣ ከዛ ከሰዓት ፀሐይ በጎን ስትመታት መስመር መስመሩ ይወጣና መኪናዋ ዥንጉርጉር ትሆናለች።

ጅማ ላይ ደሞ ነጭ መኪና በሽ ነው። ቪትዙ፣ ዶልፊኑ፣ ሃይሉክሱ፣ የመስሪያ ቤት ላንድክሩዘሩ፣ በዛ ላይ በ2016 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እየመጡ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ብዙዎቹ ነጭ ናቸው። ከተማው ደሞ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ዝናብ ሚወርድበት፣ አፈሩ ቀይ የሆነ፣ ከባህር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ስለሆነ ፀሐይዋም ቀላል አይደለችም። ስለዚህ አዱ ገነት ያለ ሰው የመከረህ ሁሉ እዚህ አይሰራም።

መጀመሪያ ቀለሟን እወቅ

አብዛኛው የዛሬ መኪና ከቀለሙ በላይ ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው ሚያብረቀርቅ ሽፋን አለው። ክሊሩ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከፀጉር ይቀጥናል፣ ፖሊሽ ባደረግክ ቁጥር ከሱ ላይ ትንሽ ትንሽ እየፋቅክ ነው ማለት ነው። ነጭ ላይ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል፣ ከፋብሪካ ክሊር ሳይቀባ ሚወጣ ነጭ ብዙ አለ። ለምሳሌ ቶዮታ 040 ብሎ ሚጠራው ነጭ በብዙ ሞዴሎቹ ላይ ክሊር የለውም፣ ቀለሙ ራሱ ነው ሚያብረቀርቀው፤ 070 ሚባለው ደሞ ፐርል (ዕንቁ መሰል ነጭ) ነው፣ በሦስት ንብርብር ተቀብቶ ላዩ ክሊር ነው። ቁጥሩን ሞተሩ ጋ ወይ በሩን ስትከፍት ምሰሶው ላይ ባለችው ትንሽ ሰሌዳ "ሲ/ቲአር" ከሚለው አጠገብ ታገኘዋለህ።

ግን መኪናዋ አንዴ ባቲላሜራ ቤት ገብታ እንደገና ከተቀባች ቁጥሩን አትመን፣ ፓራፋንጎው ብቻ ተቀብቶ በሩ የፋብሪካ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ መሆን ከፈለግክ ጥቁር ወይ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ያዝ (ነጭ ጨርቅ ከያዝክ ምንም አታይም)፣ ትንሽ ፖሊሽ አድርግበትና የበሩ ታችኛው ጫፍ ላይ ማይታይ ቦታ መርጠህ እሸው። ጨርቁ ላይ ወፍራም ነጭ ከወጣ ክሊር የለም፣ ቀለሙ ነው እየመጣ ያለው። እዚህ ጋ አንድ ሚያሳስት ነገር አለ፣ ፖሊሹ ራሱ ብዙ ጊዜ ነጭ ነው፣ ስለዚህ ያንኑ ፖሊሽ በሌላኛው የጨርቁ ጥግ አድርገህ የመስታወቱ ጥግ ላይ አሸውና ሁለቱን አስተያይ፣ ልዩነቱ ይታይሃል።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? ክሊር የሌለው ነጭ ፀሐይ ሲበዛበት ላዩ ይሞታል፣ እጅህን ስታስኬድበት ነጭ ዱቄት ይቀራል፣ ወዙ ይጠፋል። እሱን ሲላንት ብቻ ቀብተህ አታድነውም፣ መጀመሪያ ለስላሳ ፖሊሽ አድርገህ የሞተውን ማንሳት አለብህ፣ ከዛ ሲላንት ማቋረጥ የለብህም። ክሊር ያለው ከሆነ ግን ፖሊሹን በቁጠባ። በቅርብ የተቀባች ከሆነች ደሞ ቀለሙ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ (ቲነር) ገና እየወጣ ስለሆነ ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሁለት ሦስት ወር ምንም ሲላንት አትቀባባት፣ በውሃ ብቻ አጥባትና ተዋት። ቀቢው ምን ያህል ጠብቅ እንዳለህ ጠይቀው፣ ቀለሙን ሚያውቀው እሱ ነው።

ፖሊሽ በርግጥ ያስፈልጋታል?

እዚህ ጋ ከብዙ ሰው ጋ አልስማማም። ነጭ መኪና ላይ ክብ ክብ ጭረት (ላቫጆ በቆሸሸ ጨርቅ ሲያሹ ሚመጣው) በጣም በቅርበት ካላየኸው አይታይም። ጥቁር መኪና ላይ ግን እሱ ነው መልኳን ሚያበላሸው፣ ስለዚህ የጥቁር መኪና ሰዎች ኮምፓውንድ (በጣም ሚፍቀው ፖሊሽ) ምናምን እያሉ ቀን ሙሉ ሲፍቁ ይውላሉ፣ ነጭ ያለውም ያንን አይቶ ይፍቃል፣ በከንቱ። የነጭን መልክ ሚገድለው ሌላ ነው፤ በሮቹ ስር ሚገባው ቀይ አፈር፣ ጎማው አካባቢ ሚረጨው ሬንጅ፣ የወፍ ኩስ፣ ዛፍ ስር ስታቆማት ሚንጠባጠበው ሙጫ፣ በጊቤ ቆላ አድርገህ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ፊቷ ላይ ሚለጠፈው ነፍሳት፣ እና ከፍሬን ሚወጣው የብረት ብናኝ፤ እሱ ሲዝግ ደቃቅ ብርቱካናማ ነጥብ ይሆንና ሰው የቀለም ችግር ይመስለዋል። ይሄ ሁሉ በመፋቅ ሳይሆን በማጽዳት ነው ሚለቀው።

ስለዚህ ብር ካለህ ፖሊሽ ላይ ከምታወጣው ቅድሚያ ለማጽጃው ስጥ። ሬንጁን በጨርቅ ትንሽ ነጭ ጋዝ ነክተህ ለስለስ አድርገህ ታስለቅቀዋለህ፣ ከዛ ቶሎ በሳሙና ታጥበዋለህ፣ ጋዙ ተቀምጦ እንዲደርቅ አትተወው። የብረቱን ብናኝ ሚያወጣ ስፕሬይ አለ፣ ሲነካው ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይቀየራል፣ ይሄ እንኳን ነጭ መኪና ላይ ካሉት ጥቂት ደስ ሚሉ ነገሮች አንዱ ነው፣ ሥራውን በዓይንህ ታየዋለህ። የቀረውን ክሌይ ባር (የተጣበቀ ቆሻሻ ሚያነሳ ሊጥ መሰል ነገር) በሳሙና ውሃ እያንሸራተትክ ታነሳዋለህ። ንፁህ መሆኑን ለማወቅ ደሞ እጅህን ስስ ፌስታል ውስጥ ክተትና መኪናዋ ላይ አስኪደው፣ ባዶ እጅ ማይሰማው ሻካራ ነገር በፌስታሉ ይሰማሃል። ሻካራ ከሆነ ገና ነው፣ ሲላንት ብትቀባበት ቆሻሻውን ሸፍነህ አስቀመጥከው እንጂ ሌላ ምንም አላደረግክም።

ከዛ በኋላ ነው የፖሊሽ ምርጫ ሚመጣው። ኮምፓውንድ ከባዱ ነው፣ ጥፍር ሚይዘው ዓይነት ጭረት ካልሆነ በቀር ነጭ ላይ እኔ አልመክርም፣ ጥፍር ሚይዝ ጭረት ደሞ ብዙ ጊዜ በኮምፓውንድም አይጠፋም። ለስላሳው ፖሊሽ ላዩ ለሞተ ነጭ ጥሩ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ሁለቱንም ባንዴ ሚሰራው ነው፣ ትንሽ ይፍቃል፣ ትንሽ ያጸዳል፣ መከላከያም ይተዋል፤ ለዕለት ሥራ ለምትሮጥ ቪትዝ ወይ ለድሮ ነጭ ሃይሉክስ እኔ ሚመቸኝ እሱ ነው፣ አንዴ ቀብተህ አንዴ ጠርገህ ጨረስክ፣ ሁለት ጊዜ ማይታይ ነገር ከመቀባት አንዴ ይሻላል። ጉዳቱ መከላከያው ቶሎ ይለቃል። አዲስ መኪና ከሆነች ግን ፖሊሽ ዝለል፣ አጽዳና በቀጥታ ወደ ሲላንት።

ፖሊሽ አድርገህ ለብቻው ሲላንት ልትቀባ ከሆነ መሀል ላይ የፖሊሹን ቅባት ማንሳት አለብህ፣ አለበለዚያ ሲላንቱ አንዳንዱ ጋ ይዞ አንዳንዱ ጋ አይዝም፣ የዥንጉርጉሩ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ፋርማሲ ያለውን 70 ፐርሰንት አልኮል ከውሃ ጋ ግማሽ በግማሽ አድርገህ ጨርቁ ላይ ነፍተህ አንዴ ጥረግ። በቅርብ የተቀባ ቀለም ላይ ግን አልኮሉ ይቅርብህ።

በእጅ ወይስ በማሽን

ላቫጆና ጋራዥ አካባቢ ሚታየው ባንድ አቅጣጫ ብቻ ሚሽከረከረው ሮታሪ ነው፣ አንዳንዴም ግራይንደር ላይ ስፖንጅ አስረው። ኃይለኛ ነው፣ ባለሙያ እጅ ላይ ድንቅ ይሰራል፣ ባልለመደ እጅ ግን ጠርዝ ላይ ቀለሙን በልቶ ከቀለሙ ስር ያለው ግራጫ ፕራይመር ይወጣል፣ ነጭ መኪና ላይ ግራጫ ጠርዝ ከሩቅ ይታያል። ዱዋል አክሽን ሚባለው ደሞ እየዞረ እየተወዛወዘ ስለሚሄድ አንድ ቦታ ላይ ሙቀት አያከማችም፣ ጀማሪ ሊገዛ ከሆነ እሱን ይግዛ። ዱዋል አክሽኑ አንድ ሰው ማያስበው ጥቅም አለው፣ በጣም ለስላሳውን ስፖንጅ አድርገህ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲላንት ስትቀባበት ከእጅ በጣም ቀጭንና እኩል ያደርገዋል። ለነጭ መኪና ማሽን ከገዛህ ለመፋቅ ሳይሆን ለዚህ ብትገዛው ነው ሚያዋጣህ።

ለአንድ መኪና ብቻ ከሆነ ግን እጅ ይበቃል። ነጭ ላይ ማሽን ሚያስገኘው ተጨማሪ ወዝ ያን ያህል አይለይም፣ መብራትም መሀል ላይ ጠፍቶ ግማሽ ኮፈን ይዘህ አትቀርም።

ሲላንቶቹን እናወዳድር

በቆርቆሮ ሚመጣው ጠንካራ ሰም (ካርናውባ) ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል ሚወጣ ነው፣ ከ80 ዲግሪ በላይ ነው ሚቀልጠው፣ ጥቁርና ቀይ መኪና ላይ የሚሰጠው ጥልቀት ሌላ ነው። ነጭ ላይ ግን ያ ጥልቀት ብዙም አይታይም፣ እድሜውም የሳምንታት ነው፣ ቢበዛ ሁለት ወር፣ የጅማ ክረምት ደሞ ከዛም ያሳጥረዋል። ስትቀባው ወፍራም ማድረግ በጣም ቀላል ነው፣ ሲደርቅ ደሞ ማንሳቱ ክንድ ይፈልጋል። ለነጭ መኪና ድካሙና ውጤቱ አይመጣጠንም፣ ያለህን ቆርቆሮ አትጨርሰው አልልም፣ አዲስ ግን አትግዛ።

ፈሳሽ ሲላንት፣ ማለትም በጠርሙስ ሚመጣው፣ ተቀብቶ ደርቆ ሚጠረገው፣ የኔ አንደኛ ምርጫ ነው። ከ3 እስከ 6 ወር ይላሉ፣ ቀይ ጭቃና የላቫጆ ዱቄት ሳሙና ባለበት አገር ዝቅተኛውን አስብ። ለነጭ ሚመረጥበት ዋናው ምክንያት ግን እድሜው አይደለም፣ ሲበዛ ይለቃል። አብዝተኸው ደርቆ መስመር ከሰራ እላዩ ላይ ያንኑ ሲላንት ትንሽ ነክተህ ብትቀባ አዲሱ አሮጌውን ያላላዋል፣ ወዲያው ስትጠርገው ሁለቱም ይነሳሉ። ስለዚህ ስህተቱ ማታም ይታይ በነጋታው ማስተካከያ አለው። አንዳንዱ ሮዝ ወይ ሰማያዊ ቀለም ያለው ሆኖ ይመጣል፣ ነጭ ላይ እንዲታይ ብለህ እሱን ብትመርጥ ጥሩ ነው፣ ግን በትክክል ቀጭን አድርገህ ስትቀባው ቀለሙም ስለሚጠፋ ሙሉ በሙሉ እሱን አትደገፍ።

ስፕሬይ ሲላንት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ደረቅ መኪና ላይ ነፍተህ ወዲያው ምትጠርገው ነው። ሚደርቅ ነገር ስለሌለ የመድረቁን ግምት ሁሉ ያስቀርልሃል፣ ጀማሪ ከሆንክና ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በሱ ጀምር። እድሜው አጭር ነው፣ አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ጥሩው ሦስት። መኪናዋ ላይ በቀጥታ አትንፋ፣ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ወፍራም ሆኖ መሀሉ ይሳሳል፣ ነፋስ ደሞ ግማሹን ይወስደዋል፣ ጨርቁ ላይ ነፍተህ ነው ምታስኬደው። ሌላው ዓይነት እርጥብ መኪና ላይ ነፍተህ በውሃ ግፊት ምታጥበው ነው። ሰው ይንቀዋል፣ ለክረምት ግን አንደኛ ነው፣ ደረቅ ቀን መጠበቅ የለ፣ ላቫጆው ታጥቦ ሲያልቅ ትነፋለህ፣ በማሽኑ ውሃ ይጠቡታል፣ ትጠርጋለህ፣ ሄድክ። ቶሎ ካልታጠበ ግን ነጠብጣብ ይተዋልና ግማሽ መኪና ነፍተህ ወሬ አትጀምር፣ ባንድ ጎን ነፍተህ ያንን ጎን አጥበህ ወደ ሌላው።

ሴራሚኩ ሚባለው አሁን ፋሽን ነው፣ በተለይ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ ሚያስበው እሱን ነው። ሲጠነክር መስታወት መሰል ንብርብር ይሆናል፣ አንድ ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ውሃውን ሲያንከባልል ማየት ራሱ ያዝናናል። ግን አስበው፣ ይሄ ምርት ቀብተኸው በደቂቃ ውስጥ ትርፉን ማንሳት አለብህ፣ ያላነሳኸው ቦታ ከጠነከረ በፖሊሽ ካልተፋቀ አይለቅም፣ ነጭ መኪና ላይ ደሞ ያላነሳኸውን ምታየው ከጠነከረ በኋላ ነው። ይቅር ማይል ነገርና ማይታይ ቀለም አንድ ላይ። በባለሙያ፣ ጣሪያና ጥሩ መብራት ያለው ቦታ ካስቀባህ ይሁን፣ ራሴ ጊቢ ውስጥ እሞክራለሁ ካልክ ግን መጀመሪያ በብርማ ወይ በጥቁር መኪና እጅህን አፍታ። ብርማውን ያልኩት ብርማ ከነጭ ትንሽ ይሻላል፣ ውስጡ ያለው የብረት ፍንጣሪ ብርሃን ሲመልስ የደበዘዘው ቦታ ይለያል። ክሬሙ ግን ከነጭ አይለይም።

ባጭሩ፣ ዓመቱን ሙሉ ሳስበው ምርቃና ማይፈልግ ነገር ይሄ ነው፤ ዝናቡ ሲያበቃ ፈሳሽ ሲላንት፣ ዝናቡ ሲገባ እርጥብ ላይ ሚነፋው ስፕሬይ። ሌላው ትርፍ ነው።

አሁን ዋናው፣ እኩል መቀባት

ምርቱ ከተመረጠ በኋላ ሚለየው አቀባቡ ነው፣ ነጭ ላይ ደሞ ዓይን ስለማይረዳህ ሥርዓት ነው ሚረዳህ። ስፖንጁን መጀመሪያ በትንሽ ሲላንት አርጥበው፣ ደረቅ ስፖንጅ መጀመሪያ የነካው ቦታ ላይ ያለውን ሁሉ ያራግፋል፣ ከዛ ወዲያ ባዶውን ይሄዳል። ከዛ አተር ምታህል ጠብታ ሦስት አራት፣ ለግማሽ ኮፈን ይበቃል። ለአንድ ቪትዝ ሙሉው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ነው፣ ግማሽ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም፣ ከዛ ካለፈ ወፍራም እየቀባህ ነው። ወፍራም ሲላንት በደንብ አይከላከልም፣ ቀለሙ ላይ ሚይዘው ከስር ያለው ቀጭኑ ብቻ ነው፣ የቀረው ጨርቅህ ላይ ነው ሚሄደው።

ክብ ክብ አታሽከርክር። ክብ ስትሰራ የት እንደጀመርክ የት እንደጨረስክ በነጭ ላይ በፍጹም አታውቀውም። ቀጥ ባለ መስመር ከፊት ወደ ኋላ ሂድ፣ ቀጣዩ መስመር ያለፈውን ግማሹን ይደርብ፣ ክፍሉን ስትጨርስ ሳትጨምር እዛው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ድገመው። በዚህ መንገድ ባይታይህም ያልነካኸው ቦታ ሊቀር አይችልም። ኮፈኑን በመሀል ክፈለው፣ መስመሩ ከጠፋህ የቀቢዎቹን የወረቀት ፕላስተር ለጥፍ፣ ነጭ ፕላስተር ሳይሆን ቢጫውን ወይ ሰማያዊውን። በሮቹን ደሞ ባንዴ አንድ በር፣ ጣሪያውን ከሁለት።

የማየቱ ጉዳይ፣ ሰው ሁሉ ቁልቁል ነው ሚያየው፣ ቁልቁል ካየኸው ነጭ ብቻ ነው። ጎንበስ በልና ፊትህን ወደ ቆርቆሮው አቅርበህ በአግድም እይ። የስልክህን መብራት አብራና ከወዲያኛው ጫፍ በጣም ዝቅ አድርገህ ያዘው፣ ብርሃኑ በአግድም ሲሄድ የተቀባው ደብዘዝ ይላል፣ ያልተቀባው ያንጸባርቃል። መብራቱን ከላይ ቀጥ አድርገህ ከያዝከው አይሰራም፣ ማዕዘኑ ነው ዋናው። ሌላ ደሞ መኪናዋን ጥቁር ነገር አጠገብ አቁማት፣ ጥላ ያለው ግንብ ይሁን ጥቅጥቅ ያለ አጥር፣ የሱ ነጸብራቅ በሩ ላይ ሲያርፍ ያ ቦታ ለጊዜው ጥቁር መኪና ሆነልህ ማለት ነው፣ ሲላንቱ ይታያል። ሜዳ ላይ ሰማይ ብቻ ሚያንጸባርቅበት ቦታ ግን ዓይነስውር ነህ። ዛፍ ሥር አታድርግ፣ ጅማ ደሞ ዛፉ አይጠፋም፣ ሳትጨርስ ቅጠልና ወፍ ይጠብቁሃል።

መድረቁን በዓይን ስለማታውቀው በጣትህ ፈትን። ንፁህ ጣት ሳብ አድርግበት፣ ጣትህ ያለፈበት ንጹህ ሆኖ ካበራ ደርቋል፣ ከተንሸራተተና ከተቀባባ ገና ነው። ፀሐያማ ደረቅ ቀን 10፣ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ዝናብ ዘንቦ ባደረበት ጠዋት ግማሽ ሰዓትም ሊያልፍ ይችላል። ሳይደርቅ ስትጠርግ ነው ያ ሚያስጠላ ቅባታማ መስመር ሚመጣው፣ ብዙ ሰው ምርቱን ይሰድባል እንጂ ችኮላው ነው። ከፀሐይም ራቅ፣ ነጭ መኪና ከጥቁር ያነሰ ነው ሚሞቀው ግን ቀትር ላይ እሷም ትግላለች፣ እጅህን ጀርባውን ኮፈኑ ላይ አድርግና ሞቅ ካለህ ጥላ ይፈለግ።

ለመጥረግ ሁለት ማይክሮፋይበር ያዝ፣ ሁለቱም ጠቆር ያሉ፣ የምታነሳው ነጭ ነገር ጨርቁ ላይ እንዲታይህ። አዲስ ጥቁር ጨርቅ ቀለም ሊለቅ ስለሚችል መጀመሪያ ለብቻው እጠበው። የመጀመሪያው ብዙውን ያነሳል፣ ሁለተኛው ምንም ሳይጫን ላዩን ብቻ ይሄዳል። አራት እጠፈው፣ ገጹ ሲሞላ ገልብጠው፣ በሞላ ጨርቅ መጥረግ ማለት ከበሩ ያነሳኸውን ፓራፋንጎው ላይ መልሰህ መቀባት ነው። ከጣሪያ ጀምረህ ወደታች ውረድ፣ ከበሩ ግማሽ በታች ያለውን ደሞ በመጨረሻ በሌላ ጨርቅ፣ ምንም ያህል ብታጥበው እዛ ቀይ አፈር ተርፎ ይገኛል፣ ያንን ይዘህ ወደ ኮፈን ከተመለስክ የአሸዋ ወረቀት ይዘህ ሄድክ ማለት ነው።

ጥቁሩ ፕላስቲክ፣ ፓራውልቱ ጠርዝና የመስታወቱ ዙሪያ ጎማ፣ እነሱን ቀድመህ በፕላስተር ሸፍን። መኪናዋ ላይ ማይታየው ነጭ ሲላንት እነሱ ላይ ከገባ ግን ለወራት አይለቅም፣ አገር ሁሉ ያየዋል።

ጅማ ላይ መቼ ይቀባ

ፈሳሽ ሲላንት ከተቀባ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውሃ ባይነካው ጥሩ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም እዚህ ያንን ያህል ደረቅ ሰዓት ማግኘት ሎተሪ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ያየህ ከሰዓት ያጥብሃል። ጋራዥ ወይ ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ካለህ በማንኛውም ወር ይሆናል፣ ከሌለህ ግን ዋናውን ሥራ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባለው አድርገው። ያን ጊዜ ደሞ አቧራው አለ፣ የቡና ለቀማ ስለሆነ ከአጋሮና ከሊሙ በኩል የጭነት መኪናው አያቋርጥም፣ መንገድ ዳር ጊቢ ካለህ በማለዳ ጤዛው ከተነሳ በኋላ መኪናው ሳይበዛ ጀምረህ ጨርስ። ታጥባ ከደረቀች በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ ውጪ ከቆመች ላዩዋ ላይ አቧራ አለ፣ ሳትጠርግ አትቀባ።

ከላቫጆ ጋ ያለው ነገር ደሞ፣ እቃ ማጠቢያ ላርጎ ከሲላንት በፊት አሮጌውን ቅባት ለማስለቀቅ ይጠቅምሃል፣ ከሲላንት በኋላ ግን እሱም ኦሞውም የቀባኸውን ቶሎ ነው ሚያራግፉት። የራስህን የመኪና ሻምፖ ይዘህ ሂድ፣ ልጆቹ አይከፋቸውም። ናፍጣ በውሃ በጥብጠው ቀለሙን ሚያብሱልህ ካሉ ግን ተዉ በላቸው፣ ለዛች ቀን ታበራለች፣ አቧራውን ግን ጎትታ ነው ምትሰበስበው፣ ሲላንቱንም ይዞት ይሄዳል።

ሁለተኛ ዙር መቀባት ከፈለግክ በዛው ሰዓት እላዩ ላይ አትደርብ፣ በነጋታው ይሁን። ሁለተኛው ዙር ውፍረት ለመጨመር ሳይሆን የመጀመሪያው ላይ ያመለጠህን ለመያዝ ነው፣ ነጭ ላይ ደሞ ሁሌ ሚያመልጥ አለ፣ ስለዚህ አቅጣጫውን ቀይረህ ቀባው። ከሱ በፊት ግን ውሃ አርከፍክፍባት ወይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውጣና እያት፤ ውሃው ክብ ክብ ሆኖ የቆመበት ተይዟል፣ ተዘርግቶ ያለበት ቦታ ዘለኸዋል። ስልክህን አውጣና ፎቶ አንሳው፣ ሲደርቅ ነጭ በነጭ ሆኖ እንደገና ይጠፋብሃል፣ በነጋታው ስፖንጁን ይዘህ ፎቶውን እያየህ እነዛን ቦታዎች ብቻ ትሞላለህ። አብዛኛውን ጊዜ የጣሪያው መሀል፣ የመስታወቱ ሥር ያለው የኮፈኑ ጫፍና የበር እጀታው ዙሪያ ናቸው።